አሽከርካሪው በሰንሰለት ይታሰር

ለተከበሩ የከተማችን የመንገድ ደኅንነት ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፣
ባሉበት።

ጉዳዩ፦ በአንዲት ፊደል ምክንያት ከመንገድ ስለ ቀረች ሴት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ፊርማዎ የፈጠነ ይሆንልዎ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። ቤተሰብዎ፣ ምክትልዎና የምክትልዎ ምክትልም በያሉበት ደኅና ይሁኑልኝ። እኔ ከጽሕፈት ቤትዎ ፊት ለፊት፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ የመጋረጃ ጨርቅና ዘንግ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ሱቄን ስዘጋ የቀኑን ውሎ አጠር አድርጌ የመጻፍ ልማድ ስላለኝ፣ ከዚህ በታች የማነሣው በየዕለቱ የተጻፈ እንጂ ተናድጄ የፈጠርኩት አይደለም። መናደድ ሥራ ያስፈታል፤ እኔ ደግሞ ሱቅ አለኝ።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው እርስዎን ለማሳጣት ብዬ አይደለም። በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው ደብዳቤዎች መድረሳቸውን የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ፣ ሕዝብ ካነበበው ምናልባት አንዱ ጎረቤትዎ ያነሣልዎ ይሆናል በሚል በጎ ተስፋ ነው።

ክቡርነትዎ ደንብ ስላወጡልን አመሰግናለሁ፤ ይህን የምለው ከምሬ ነው። የኤሌክትሪክ ብስክሌትና ስኩተር ደንብ ያስፈልገው ነበር። ሞተራቸው ድምፅ የለውም፤ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሰው የሚያውቃቸው ካለፉ በኋላ በነፋሳቸው ነው። የእግረኛውን መንገድ እንደ ግል ግቢያቸው ይፈነጩበታል፤ ሲቆሙም በሰው በር ላይ ተጋድመው ነው። የሱቄ ጎረቤት የሆነው ሰዓት ሠሪ ከበሩ ብቅ ባለበት ቅጽበት አንዱ ገጭቶት ክንዱ በጀሶ ታስሮ ከርሟል፤ ክንዱ የታሰረ ሰዓት ሠሪ ደግሞ ምን ሠርቶ እንደሚያድር እርስዎ አያጡትም። ስለዚህ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ደንብ ይውጣ ብለው እጃቸውን ካወጡት አንዱ እኔ ነበርኩ። እርስዎም እዚያው ነበሩ፤ ስልክዎ ላይ አቀርቅረው ስለነበር ላያስታውሱኝ ይችላሉ።

ደንቡ ወጣ፤ በየግድግዳውም ተለጠፈ። አንድ ነገር ብቻ ተዛነፈ። ‹ተሽከርካሪ› መባል በሚገባው ቦታ ሁሉ ‹አሽከርካሪ› ተብሎ ተጻፈ፤ ‹አሽከርካሪ› መባል በሚገባው ቦታ ሁሉ ደግሞ ‹ተሽከርካሪ›። ዕቃው የነጂውን ስም ወሰደ፤ ነጂው የዕቃውን። ረቂቁን ያዘጋጀው አላየውም፤ ያረመው አላየውም፤ መርምሮ ያጸደቀው ኮሚቴም ከምሳ በፊት ስላልደረሰለት ከምሳ በኋላ አላየውም። ክቡርነትዎ ግን በየገጹ ግርጌ ፈርመዋል። ፊርማዎ እጅግ ያምራል።

እኔ በማውቀው ሥራ አበዳሪና ተበዳሪ የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። አከራይና ተከራይም እንዲሁ። በንግድ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አንዱን በሌላው ቦታ የሚጽፍ ነጋዴ አላጋጠመኝም፤ አጋጥሞኝም ከሆነ በማግስቱ ሱቁ ተዘግቶ ስለነበር አልተዋወቅንም። የጽሕፈት ቤትዎ በር ግን በማግስቱም በሰዓቱ ተከፍቷል፤ በዚህም የእርስዎ ሥራ ከእኛ ሥራ ምን ያህል የማይነቃነቅ እንደሆነ ተረድቼ ቀንቻለሁ።

አሁን በጽሕፈት ቤትዎ ወግ መሠረት ቅሬታዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ስለ ሰንሰለት። ደንብዎ «አሽከርካሪው በማቆሚያ ስፍራ ሲቆም ከብረቱ ጋር በሰንሰለት ይታሰር» ይላል። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ፎቶ አንሺ አለ፤ ቀልደኛ ነው፤ ሕግ አክባሪ መሆኑን ግን ከዚህ ቀደም አላውቅም ነበር። ይህ ሰው ስኩተሩን አደባባዩ ላይ አቁሞ፣ ሰንሰለቱን በራሱ ወገብ ላይ አዙሮ፣ ከብረቱ ጋር ቆልፎ ጋዜጣውን ዘርግቶ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ያልታሰረውን ስኩተር አንዱ ተፈናጦት ሄደ። ደንብ አስከባሪዎቹ መጥተው ለምን ሮጠህ አልያዝከውም ሲሉት፣ «ታስሬ» አላቸው። ይህን ለሕግ የተከፈለ መሥዋዕትነት በሽልማት እንዲያስቡለት አደራ እላለሁ።

፪. ስለ ደወልና መብራት። አሽከርካሪው ከፊቱ ነጭ፣ ከኋላው ቀይ መብራት እንዲኖረውና ደወሉ በማንኛውም ጊዜ የሚሠራ እንዲሆን ታዟል። የኋላውን መብራት የት ላይ እንደምናስረው የሚያሳይ ሥዕል አብሮ ቢወጣ መልካም ነበር። ክቡርነትዎ በአካል ቢያሳዩንማ ይበልጥ ይገባናል።

፫. ስለ ዕድሜና ስለ መጠጥ። «ተሽከርካሪው» ከአሥራ ስድስት ዓመት ያነሰ ከሆነ መንገድ ላይ አይወጣም፤ የራስ ቁር ሳያደርግ አይሄድም፤ መጠጥ አይቀምስም። የኤሌክትሪክ ስኩተር ከተማችን ውስጥ የታየው በቅርቡ ስለሆነ ለአካለ መጠን የደረሰ አንድም አላገኘንም። ስለ መጠጡ ግን ደንቡ በሥራ ላይ መዋሉን ዓይኔ አይቷል። የሰፈሩ ቧንቧ ሠራተኛ ከመሸታ ቤት ወጥቶ፣ መንገዱን በስኩተሩ ከዳር እስከ ዳር እየሰፋ፣ ሱቄ በር ላይ ሲደርስ ሁለት ደንብ አስከባሪዎች አስቆሙት። አንደኛው ጎንበስ ብሎ የስኩተሩን እጀታ አሸተተ። ከዚያ ቀና አለና «ንጹሕ ነው፤ ሂድ» አለው። ቧንቧ ሠራተኛው እስከ ዛሬ ሲስቅ ነው፤ የሚስቀው ግን ገና ማንንም ስላልገጨ ነው።

፬. ስለ ክብደት። እስከ አሁን የጻፍኩት ለመሳቂያ ይሆናል። ብዕር ያነሣሁት ለዚህኛው ነው።

ደንብዎ «አሽከርካሪው ከአርባ ኪሎ በላይ ከመዘነ፣ ጉድለቱን አስተካክሎ እስኪቀርብ ይታገዳል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልቀረበ በጨረታ ይሸጣል» ይላል። ማንም ሰው ሲያነበው ስለ ዕቃው ክብደት የታሰበ መሆኑን ያውቃል። ደንብ አስከባሪዎችዎ ግን ከዱቄት ነጋዴው የወለል ሚዛን ተውሰው አደባባዩ ላይ ተከሉ፤ ሰው መመዘን ጀመሩ።

ታላቅ እህት አለችኝ፤ እኛ ቤት እታለም እንላታለን፤ ሰፈሩም እንደዚያው ይጠራታል። መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ከሱቄ ጓዳ ማሽኗን ዘርግታ የምትሠራው እሷ ናት፤ የምትኖረው ግን ከዳገቱ ግርጌ ነው። መጋረጃ ልትሰቅል መሰላል ላይ ሳለች ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ያን ዳገት በእግሯ መውጣት አትችልም። የወደቀችው በእርስዎ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ መሰላሉም የጽሕፈት ቤትዎ ነበር። ይህን የማነሣው ለማስታወስ እንጂ ለመውቀስ አይደለም። መጋረጃው አሁንም ተሰቅሏል፤ ሥራዋን ጨርሳ ነው የወደቀችው።

ያን ጊዜ ባለ መቀመጫ የኤሌክትሪክ ስኩተር ገዛን። ከተማው ውስጥ እንደ እሷ ተጠንቅቆ የሚነዳ አላየሁም። መሐል መንገድ አትገባም፤ ሰው ካለበት ወርዳ ትጠብቃለች፤ ሰዓት ሠሪው በር ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ ቆም ብላ ጥሩምባዋን ታሰማለች፤ እሱም ከውስጥ «ክንዴ ደኅና ነው፣ እለፊ እታለም» ይላታል። ደንብዎ ሊወልደው ይገባው የነበረ ጠባይ ይህ ነው፤ እሷ ግን ደንብዎ ሳይወለድ ነበራት።

አደባባዩ ላይ አስቆሟት። አንዱ ወጣት ደንብ አስከባሪ ሚዛኑ ላይ እንድትወጣ ሲነግራት መጀመሪያ የሚቀልድ መስሏት ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ዱቄት ነኝ እንዴ?»

«ደንቡ ነው እማማ፤ እኔ ምን ላድርግ።»

እግሯን አንሥታ ሚዛኑ ላይ መውጣት ስላልቻለች ለሁለት ተሸክመው አወጧት። ክቡር ሆይ፣ በአደባባይ፣ ሥራ በሚገባበት ሰዓት፣ የምታውቀውም የማታውቀውም ቆሞ እያየ ነው። የሚዛኑ ቀስት አርባን አልፎ ሽቅብ ሲሄድ ሥጋ ሻጩ ከበሩ ሆኖ የተሰበረው አጥንት ይቀነስላት እንጂ ብሎ ሰውን አሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ወዲያው ስኩተሯን ከመኪና ላይ ጭነው ወደ ግቢዎ ወሰዱት፤ እሷን ሚዛኑ አጠገብ ትተዋት ሄዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በትሕትና ልጠይቅ። ሲመዝኑ የመዘኑት አሽከርካሪዋን ነው። ሲወስዱ የወሰዱት ተሽከርካሪውን ነው። የደንቡን ፊደል ቢከተሉማ ታግዳ በጨረታ መሸጥ ያለባት እሷ ነበረች፤ ራሷም ብላቸዋለች፤ «እንግዲያው እኔን ሽጡኝ፤ ማን እንደሚገዛ ልየው» ብላ። ስለዚህ ደንብ አስከባሪዎችዎ ነጂውን ከዕቃው መለየት ያውቃሉ። የሚያውቁት ግን መውሰድ ሲመጣ ነው።

በማግስቱ ጽሕፈት ቤትዎ ቀረብኩ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ደንቡን ከፍቼ ሳሳየው በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስሕተት መሆኑ እንደ ገባው፣ ነገር ግን ማኅተም ያረፈበትን ነገር እሱ ስሕተት ነው ማለት እንደማይችል ነገረኝ። ይህን ሰው አልወቅሰውም፤ ቢያንስ አንብቧል። እህቴ ‹ጉድለቷን አስተካክላ› እስክትቀርብ ስኩተሩ እንደማይለቀቅ፣ ጨረታውም ወሩ ሲያልቅ መሆኑን አስረዳኝ። በዚያ ጊዜ ውስጥ እታለም አርባ ኪሎ ትሆን ዘንድ ምን እንደምናደርጋት ግን የሚገልጽ አንቀጽ አላገኘልኝም።

ከዚያ ወደ እርስዎ ገባሁ። ጊዜ ሰጥተው ስላነጋገሩኝ አሁንም አመሰግናለሁ። የሁለቱን ቃላት ልዩነት ሳስረዳዎ የሰጡኝን መልስ ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፤ የልጅ ልጆቼ እንዲያነቡት።

«አሽከርካሪም በሉት ተሽከርካሪ ያው ነው፤ አብረው አይደል የሚሄዱት?»

አብረው ነበር የሚሄዱት፣ ክቡር ሆይ። ያን ጊዜ ግን አንደኛው ግቢዎ ውስጥ አቧራ እየጠጣ ነበር፤ ሌላኛዋ ቤቷ ተቀምጣ ነበር።

እታለም አንድ ቀን በእግሯ ልትሞክረው ወጥታ ነበር። ከዳገቱ እኩሌታ ላይ ካለው መድኃኒት ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጣ ቆየችና ተመለሰች። የቆረጠችው ጨርቅ ጓዳ ውስጥ እንደ ተከመረ ቀረ፤ ደንበኞችም መጋረጃችን የት ደረሰ እያሉ ፊታቸውን ማዞር ጀመሩ። ቤቷ ሄጄ ስጠይቃት ዓይኔን ሳታይ፣ «ለሌላ ሰው ሰጥተህ አሰፋው። እኔ በቃኝ» አለችኝ። እህቴ በቃኝ ስትል በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም፤ ከመሰላል በወደቀች ዕለት እንኳ የጠየቀችኝ መጋረጃው ቀጥ ብሎ መሰቀሉን ነበር።

ያን ጊዜ ደንብዎን እንደ ውል አነበብኩት። ነጋዴ ውል ሲያነብ የሚፈልገው ትክክል የሆነውን ሳይሆን የሚጠቅመውን ነው። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ በስተግርጌ፣ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «ተሽከርካሪው በተወሰደበት እርምጃ ቅሬታ ካለው፣ በአካል ቀርቦ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ የማሰማት መብት አለው። ቅሬታ ያሰማ ወገን ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ ሊያዝ አይችልም።»

ደስ አለኝ። ተሽከርካሪው መብት ነበረው።

በእርስዎ ግቢ የታሰረው ስኩተር በአካል ቀርቦ ቅሬታውን እንዲያሰማ ይፈቀድለት ስል በጽሑፍ አመለከትኩ። ደንቡ ተሳስቷል ብለው ቢመልሱልኝ ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ እህቴም ስኩተሯን ትወስድ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ግን ተሳሳትኩ ከማለት ይልቅ ስኩተር ደረጃ ማውጣት መረጠ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ላይኛው ፎቅ ላይ ስለሆነ ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች ተሸክመው ሽቅብ ወጡ። አንደኛው መሐል ላይ አረፍ ብሎ ላቡን እየጠረገ ይህ ዕቃ ስንት እንደሚመዝን ጠየቀኝ። ደንቡ ስለ ዕቃው ክብደት ምንም እንደማይል ነገርኩት።

ስኩተሩ እታለም በሰፋችው መጋረጃ ሥር ቆመ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው፣ ወረቀቱን አይተው፣ እንደ ለመዱት «ቅሬታ አቅራቢው ያሰማ» አሉ። እኔ ጥሩምባውን ተጫንኩለት። ባትሪው ውስጥ ጥቂት ቀርቶት ኖሮ ደኅና አድርጎ አሰማ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ሠራተኛ ምን ብዬ ልጻፍ በሚል ዓይን ሰብሳቢውን አየቻቸው፤ እሳቸውም እኔን አዩ፤ ደንቡን አዩ፤ የእርስዎን ፊርማ አዩ።

«አሰምቷል ብለሽ ጻፊ» አሏት።

ቅሬታ ያሰማ ወገን ሊያዝ አይችልምና እነዚያው ሁለት ሰዎች ተሸክመው ቁልቁል አወረዱት። እታለም ደረጃው ሥር ቆማ ነበር፤ ዳገቱን ያወጣት በየበሩ እያሳረፈ ሰዓት ሠሪው ነው፤ በዚያው በተሰበረው ክንዱ ደግፎ። እንኳን ደስ ያለሽ ልላት ስጠጋ መቀመጫውን በመዳፏ ዳበስ አድርጋ «አቧራ ጠጥቷል» ብቻ አለች፤ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። ከዚያ መንገዱን ተሻግራ፣ ሰዓት ሠሪው ሱቁ ውስጥ ባይኖርም በሩ ጋ ስትደርስ ቆማ ጥሩምባዋን አሰማችና ወደ ጓዳዋ ገባች። ያን ቀን ማሽኗ እስክንዘጋ ድረስ አላረፈም።

በሁለተኛው ቀን እርማትዎ ተለጠፈ። ለፍጥነትዎ ከፍ ያለ አድናቆት አለኝ። «በደንቡ ውስጥ ‹አ› የሚለው ፊደል ሁሉ ‹ተ› ተብሎ ይነበብ» ይላል፤ ሌላ ነገር የለበትም። ሁለቱን ቃላት ወደ ቦታቸው መመለስ ሲገባ አንደኛውን ከነጭራሹ አጠፉት። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በከተማችን ደንብ ውስጥ ተሽከርካሪ እንጂ አሽከርካሪ የሚባል ፍጡር የለም። የሚጠጣ የለም፤ ዕድሜው ያልደረሰ የለም፤ የራስ ቁር ያላደረገ ሰው የለም፤ ሰው ራሱ የለምና። ርእሱ ላይ የነበረው ‹የሕዝብ አገልግሎት›ም ‹የሕዝብ ተገልግሎት› ሆኗል፤ ይህኛው ከእውነቱ ብዙ ስለማይርቅ እንዳለ ይቆይ።

ልመናዬ አጭር ነው። ኮሚቴው በእህቴ ስኩተር ላይ ውሳኔ የሚሰጠው በዚህ ወር መጨረሻ፣ ጨረታው በሚደረግበት ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት አሽከርካሪን ወደ አሽከርካሪ ቦታ፣ ተሽከርካሪን ወደ ተሽከርካሪ ቦታ ይመልሱልን። ደወሉና መብራቱ ለዕቃው፣ የራስ ቁሩና ኃላፊነቱ ለሰው ይሁን፤ ሚዛኑም ለዱቄት ነጋዴው ይመለስ፤ ሰውየው ሥራ ፈትቷል። ስኩተር የሚነዳ ሁሉ በሰው በር ሲያልፍ ቆም ብሎ እንዲያሰማ የሚያዝ አንድ መስመር ቢጨመርም አይከፋም፤ እንዴት እንደሚጻፍ ካልመጣልዎ ጠዋት ጠዋት መስኮትዎን ከፍተው እታለምን ያዳምጧት። ሰዓት ሠሪው የቀረው አንድ ደኅና ክንድ ነው።

ከጽሕፈት ቤትዎ ትይዩ ቆሜ መጋረጃዎ የሚከፈትበትን ሰዓት በትዕግሥት የምጠባበቅ፣ ለደንብዎ እስከ መጨረሻዋ ፊደል ድረስ የታዘዝኩ፣ ለጊዜዎ፣ ለፊርማዎና ለደረጃዎ ከፍ ያለ ምስጋና ያለኝ፣

አክባሪዎ፣
የመጋረጃ ጨርቅ ነጋዴው

ማስታወሻ፦ እታለም የአዳራሹ መጋረጃ መታጠብ አለበት ትላለች፤ ኮሚቴው ፊት ቆሜ ሳየው እኔም ታዝቤዋለሁ። ልታወርደው የምትመጣው በስኩተሯ ነው፤ መሰላል ግን የራሳችንን እናመጣለን። ከዚህ በተረፈ፣ ከስሜ በላይ ያለችውን ቃል በእርማትዎ መሠረት ‹አ›ን ‹ተ› ብለው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ፤ እስከ ዛሬ ያከበርኩዎ ይበቃል።